ናኖሜትር በማስመሪያ ሲለካ

የወባ ወቅት ሲገባ ጤና ኬላ ደጃፍ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ ያቺን ነጭ የፕላስቲክ መመርመሪያ ያውቃታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች፣ ከትንሿ ጠርሙስ ፈሳሽ ትጨምርበታለች፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቃ ቀይ መስመር መውጣት አለመውጣቱን ታያለች። ብዙ ሰው ቅላቱ ከደሙ የመጣ ይመስለዋል። ቅላቱ ግን የወርቅ ነው። በአብዛኞቹ ፈጣን ምርመራዎች ውስጥ፣ በእርግዝናውም በኮቪዱም ጭምር፣ ስፋታቸው ባብዛኛው ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ቅንጣቶች አሉ። የወባውን ተውሳክ ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት በቅንጣቶቹ ላይ ተለጥፈዋል። ደሙ ውስጥ ፕሮቲኑ ካለ ቅንጣቶቹ ይዘውት በወረቀቱ ላይ ይጓዛሉ፤ መስመሩ ላይ የሚጠብቃቸው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ያስቀራቸዋል፤ እልፍ አእላፍ ሆነው አንድ ቦታ ሲከማቹ ዓይን ያያቸዋል።

ናኖቴክኖሎጂ እንግዲህ ገጠር ድረስ ገብቶ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ያልደረሰው ክፍል ውስጥ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪያችን ስለ ናኖ የሚሰማው ከዜና፣ ከምረቃ ንግግር ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዘዋወር የሮቦት ምስል ነው። ነገሩ የሚመጣው ሁልጊዜ እንደ ሩቅ ተአምር ሆኖ ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ብቻ የሚነካው ነገር ተደርጎ። ይህ በጣም ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም ከዘመኑ ሳይንስ ዘርፎች መካከል ናኖን ያህል በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በጥቂት ዕቃ ሊሠራ የሚችል እምብዛም የለም። የጎደለን ትልቁ መሣሪያ ነው ብዬ አላምንም። የጎደለን ዓመት በዓመት የሚተካ ኬሚካል፣ በቋሚነት የተመደበ የላብራቶሪ ሰው እና በእጅ ለተሠራ ሥራ ነጥብ የሚሰጥ ምዘና ነው። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ሙከራዎቹን ራሳቸውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል፣ ቀይ የደም ሴል 7,000 ገደማ ነው፣ የዲኤንኤ ክር ደግሞ 2 ናኖሜትር ያህል ስፋት አለው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለተማሪ ቢነገረው ለፈተና ይይዘዋል፤ ከዚያ በላይ አይዘልቅም። ናኖን ናኖ የሚያሰኘው ማነሱ ብቻ አይደለምና። መጠን ሲያንስ የነገሩ ጠባይ ይለወጣል፤ ቀለሙ፣ የመቅለጫ ሙቀቱ፣ ከሌላ ነገር ጋር የሚዋሃድበት ፍጥነት ሁሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ቁጥሩ ትርጉም ይሰጠዋል።

ለዚህ ከወርቅ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ውስጥ ወርቅን በፈሳሽ ውስጥ እጅግ አድቅቆ እንደ ሩቢ የቀላ ውሃ ሠራ፤ ቀለሙ የመጣው ከቅንጣቶቹ ማነስ ነው ብሎም ተከራከረ። ቅንጣቶቹን የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ በዘመኑ አልነበረም። ከሠራቸው ጠርሙሶች የቀሩት እስከ ዛሬ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠዋል። ዛሬ በብዙ አገር የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሠሩት ሙከራ የዚያ ልጅ ነው፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1951 ተርክቪች የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ካሳተሙት ዘዴ የመጣ ነው። ሃያ ሚሊ ሊትር በጣም የቀጠነ የወርቅ ክሎራይድ ፈሳሽ በቢከር ይፈላል። ፈዛዛ ቢጫ ነው። ሁለት ሚሊ ሊትር የሶዲየም ሲትሬት ፈሳሽ ይጨመርበታል። ቢጫው ይጠፋል፣ ፈሳሹ ለአፍታ ውሃ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ በመጨረሻም ቀይ ሆኖ ይረጋል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። የተገኙት ቅንጣቶች ከ13 እስከ 20 ናኖሜትር አካባቢ ናቸው። በላያቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲያርፍባቸው አብረው ይወዛወዛሉ፣ አረንጓዴውን የብርሃን ክፍል ይውጣሉ፣ ለዓይናችን የሚተርፈው ቀዩ ይሆናል።

ትምህርቱ ግን የሚጀምረው ቀዩ ከመጣ በኋላ ነው። መምህሩ ፈሳሹን በሁለት የሙከራ ቱቦ ይከፍለዋል። በአንደኛው የሟሟ የገበታ ጨው ያንጠባጥባል፣ በሌላኛው የሟሟ ስኳር። የጨው ቱቦ ወዲያው ወደ ሰማያዊ ይዞራል። የስኳሩ እንደቀላ ይቆያል። ለምን? ሲትሬቱ ቅንጣቶቹን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት (ቻርጅ) አልብሷቸዋል፤ ተመሳሳይ ሙሌት ስላላቸው እየተገፋፉ ተራርቀው ይኖራሉ። ጨው ውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች ይበተናል፤ አዮኖቹ ያንን መገፋፋት ሲያለዝቡት ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይጣበቃሉ፣ ቀለማቸውም ይለወጣል። ስኳር አዮን የለውም። አንድ ተማሪ በአዮናዊና በኮቫለንት ውህዶች መካከል ያለውን ልዩነት ከሰንጠረዥ ላይ ሸምድዶ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ልዩነቱ በሁለት ቱቦ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ፊቱ ቆሟል። የጤና ኬላው መስመር ለምን እንደሚቀላም በዚያው ይገባዋል።

የወርቅ ክሎራይድ ርካሽ አይደለም፣ ይህን መደበቅ አይቻልም። ሆኖም ስሌቱን መሥራት ነው። ለአንድ ቡድን ሙከራ የሚበቃው ስምንት ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አንድ ግራም ከመቶ ሃያ በላይ ለሚሆን ሙከራ ይበቃል፤ የአንድ ትልቅ ከተማ ትምህርት ቤቶች አንድ ግራም ተካፍለው ዓመት ሊሠሩበት ይችላሉ።

አሁን ወርቅም እሳትም ወደማያስፈልገው ሙከራ ልለፍ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ትሪ ወይም ሳፋ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የሕፃን ፓውደር፣ መርፌው የተነቀለ ባለ አንድ ሚሊ ሲሪንጅ፣ ማስመሪያ፣ ውሃ ያልተቀላቀለበት አልኮልና ጥቂት ኦሌይክ አሲድ ነው። ኦሌይክ አሲድ የወይራ ዘይት ዋነኛ ክፍል የሆነ ቅባት ነው። አንድ ሚሊ ቅባት በዘጠኝ ሚሊ አልኮል ይቀጥናል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሚሊ ተወስዶ እንደገና በዘጠኝ፣ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ በዘጠኝ። አሁን በፈሳሹ ውስጥ ቅባቱ ከሺህ አንድ እጅ ነው። ተማሪዎቹ ከሲሪንጁ አንድ ሚሊ ስንት ጠብታ እንደሚሆን ይቆጥራሉ። አርባ ሆነ እንበል።

በትሪው ላይ ያለው ውሃ እስኪረጋ ይጠበቃል። ፓውደሩ ስስ ሆኖ፣ ጭጋግ ያህል ብቻ፣ ይነሰነስበታል። ከዚያ አንዲት ጠብታ መሐል ላይ ትወድቃለች። ፓውደሩ በአንድ ቅጽበት ወደ ዳር ይሸሻል፤ መሐሉ ላይ ጥርት ያለ ክብ ይከፈታል። አልኮሉ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎና ተንኖ ሲያበቃ ክቡን ከፍቶ የያዘው ቅባቱ ብቻ ነው። ተማሪዋ ማስመሪያ ዘርግታ ወርዱን ትለካለች፤ 13 ሴንቲ ሜትር። የክቡ ስፋት 133 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በጠብታዋ ውስጥ የነበረው ቅባት ይዘት ይታወቃል፤ ይዘቱ ለስፋቱ ሲካፈል የንጣፉ ውፍረት 1.9 ናኖሜትር ይሆናል። ይህ የአንድ ሞለኪውል ቁመት ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሃምሳ ሳንቲም ማስመሪያ ዘመን የተማሩ ወላጆቿ ያልደረሱበትን ልኬት በዚያው ዓይነት ማስመሪያ ለካች ማለት ነው።

ሌላው ቡድን 1.5 ሊያገኝ ይችላል፣ ሦስተኛው 2.6። ጥሩ መምህር እዚህ ላይ ጊዜ ይወስዳል። ፓውደሩ በዝቶ ክቡን አፍኖት ይሆን? ትሪው ላይ የምግብ ቅባት ቀርቶበት ይሆን? ጠብታው ሲቆጠርና ሲሠራበት እኩል ነበር? ደግሞስ ፓውደሩን የገፋው ቅባቱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለን? ይህን ለማጣራት ቅባት የሌለበት አልኮል ብቻ ይንጠባጠባል። ፓውደሩ ለአፍታ ሸሽቶ ተመልሶ ይዘጋል። ማነጻጸሪያ ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አንቀጽ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም።

ሙከራው ታሪክም አለው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን አጠገብ በክላፋም ኩሬ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት አፍስሶ ግማሽ ኤከር፣ ማለትም 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ውሃ ጸጥ ሲል አይቶ እ.ኤ.አ. በ1774 አሳተመ። ውፍረቱን ግን አላሰላውም። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩን ወደ ልኬት የወሰደችው አግነስ ፖክልስ የምትባል ጀርመናዊት ናት። ሴቶች ዩኒቨርሲቲ በማይገቡበት ዘመን ብራውንሽቫይግ ከተማ ወላጆቿን እየጦረች ትኖር ነበር። የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ቅባት ሲገባበት ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ ተመልክታ የቆርቆሮ ገንዳ ሠራች፤ የውሃውን ፊት በስስ ብረት እያጠበበችና እያሰፋች ለዓመታት ለካች። እ.ኤ.አ. በ1891 ለእንግሊዛዊው ፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ጻፈችለት፤ እሱም ደብዳቤዋ ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዲወጣ አደረገ። አሜሪካዊው ኬሚስት ኧርቪንግ ላንግሚዩር እ.ኤ.አ. በ1932 ኖቤል የተሸለመበት የገጽታ ኬሚስትሪ ምርምር የእሷን ገንዳ አሻሽሎ ተጠቅሞበታል። ይህን ታሪክ ለሴት ተማሪዎቻችን ሳንነግር መቅረታችን ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። በወላይታም ሆነ በጅማ አካባቢ ጎደሬ የማያውቅ ልጅ የለም። በቅጠሉ ላይ ውሃ ቢንጠባጠብ ድብልብል ብሎ አቧራውን ጠራርጎ ይወርዳል፤ ቅጠሉ አይርስም። ምክንያቱ በቅጠሉ ፊት ያሉ ጥቃቅን ጉብታዎችና በላያቸው የበቀሉ የሰም ክሪስታሎች ናቸው። በደጋ ደግሞ የጎመን ቅጠል ይህንኑ ያሳያል። የቅጠሉን ግማሽ በአውራ ጣት አሸት አድርጎ ውሃውን ደግሞ ማንጠባጠብ ነው፤ ሰሙ ከተደመሰሰ ውሃው ይዘረጋል። ከዚህም ሌላ አቧራ የጠጣ የድሮ የፊልም ቪሲዲ አለ። ቀይ ሌዘር በካርቶን ቀዳዳ አልፎ ዲስኩን በቀጥታ ሲመታው ጨረሩ ተመልሶ ካርቶኑ ላይ ነጥቦችን ያሳርፋል። በዲስኩና በካርቶኑ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ካለ የመጀመሪያው የጎን ነጥብ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ይወድቃል። ከዚህ ተነስቶ በዲስኩ ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ 1,600 ናኖሜትር እንደሚራራቁ ማስላት የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። በዲቪዲ ሲሞከር ነጥቡ ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ መስመሮቹ በ740 ናኖሜትር ተጠጋግተዋልና። ዲቪዲ ብዙ መረጃ የሚይዝበትን አንድ ትልቅ ምክንያት ተማሪው በራሱ ልኬት ይደርስበታል።

ወንበርና መጽሐፍ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ስለ ናኖ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው አለ። ይህን ክርክር አላቃልለውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ የትምህርት ዓይነት መጨመር እብደት ነው። እኔም እንዲጨመር አልጠይቅም። ከላይ ያየናቸው ሙከራዎች ሁሉ አሁን በመጽሐፉ ውስጥ ያሉ ርዕሶች ናቸው፤ ይዘትና ስፋት፣ የአሥር ርቢዎች፣ አዮንና ሞለኪውል፣ የገጽታ ውጥረት፣ የብርሃን ሞገድ። አንድ ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ኪዩብ የፊቱ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያው ኪዩብ አንድ ናኖሜትር ጎን ወዳላቸው ኪዩቦች ቢከታተፍ ጠቅላላ የፊታቸው ስፋት 6,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ይህን ያሰላ ልጅ ካታሊስት፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥ አፋጣኝ፣ ለምን እንደሚፈጭ፣ በዝዋይና በወንጂ አካባቢ ያለውን የፍሎራይድ ውሃ ለማጣራት የከሰለ አጥንት ለምን እንደሚሠራ ይገባዋል። ልጆቹ የሚወድቁት ስለበዛባቸው ብቻ አይደለም። የሚማሩት ነገር ከየትኛውም ከሚነኩት ነገር ጋር ስላልተያያዘላቸው ጭምር ነው።

እጅ ሳይነካ ሳይንስ ማስተማርን በትልቁ ሞክረነዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሞሉ፤ ከሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ፊትና ኋላ ለመምህሩ ጥቂት ደቂቃ ትቶለት ያልፍ ነበር። በስክሪኑ ላይ ጥሩ ጥሩ ሙከራዎች ይታዩ ነበር፤ ያ ትውልድ ሲያያቸው አድጓል። ማቆም፣ መልሶ ማየት፣ «ጨው ባይሆንስ ኖሮ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ ተወሰነ። ሲሪንጅ ይዞ ጠብታ ቆጥሮ የማያውቅ ተማሪ በአንድ ጊዜ ኬሚካል ምሕንድስና ክፍል ተቀመጠ። ዛሬ በስልክ ቪዲዮና በሲሙሌሽን ናኖን እናስተምር የሚሉ አሉ፤ ቪዲዮው ለማሟያ ይጠቅማል፣ ለመተኪያ ግን አይሆንም።

ከሌሎች ምን እንማራለን? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ የሳይንስ ሙዚየሞችና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መረብ ተቋቋመ። የቦስተን፣ የሚኒሶታና የሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየሞች መሩት። ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በየዓመቱ የናኖ ቀናት የሚባል ዝግጅት ነበር፤ የሙከራ ዕቃ የሞላባቸው ሳጥኖች በመቶዎች ለሚቆጠሩ ተቋማት ይላኩ ነበር። ከውስጡ አንዱን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል፤ የቡና ስኒ ውሃ ሞልተው ቢገለብጡት ይፈስሳል፣ የአሻንጉሊት ስኒ ግን ተገልብጦም ውሃውን ይይዛል፤ መጠን ሲያንስ የገጽታ ውጥረት የመሬትን ስበት ያሸንፋልና። ከዚያ መረብ የምወስደው ትልቁ ነገር ሳጥኑ አይደለም። የመመሪያው አጻጻፍ ነው፤ ፊዚክስ ያልተማረ በጎ ፈቃደኛ አንብቦት ሊያሠራው በሚችል ቋንቋ ተጽፎ ለሁሉም በነፃ ተለቅቋል። ድክመቱ ደግሞ ልጁ አንድ ቅዳሜ ሙዚየም መጥቶ ተገርሞ መሄዱ ነው። መለካት፣ መመዝገብ፣ ከጓደኛ ውጤት ጋር መከራከር በዚያ አይገኝም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየምም ቢሆን ጉጉት መቀስቀሻ ሊሆን ይችላል፤ የትምህርት ቤቱን ጠረጴዛ ግን አይተካም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት የሚደግፈው ናኖን ለሕዝብ የማስተዋወቅ ፕሮግራም ስትጀምር ከትምህርት ቤቶች ጋር ሥራውን ያያዘችው ይህን ተረድታ ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ ልናጤናት የሚገባት ጎረቤታችን ኬንያ ናት፤ ጉዳዩም ከናኖ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በባዮሎጂ ራሱን የቻለ የተግባር ወረቀት አለው። ተፈታኙ ቡሬት የተባለውን የፈሳሽ መለኪያ ቱቦ ይዞ ይለካል፣ ንባቡን ይጽፋል፣ ይታረማል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ወደደም ጠላም ላብራቶሪው ይከፈታል፣ ኬሚካሉ ይገዛል። የእኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሙሉ በሙሉ ምርጫ ነው። ሙከራ የሠራና ያልሠራ ተማሪ በዚያ ወረቀት ላይ አይለይም። አንድ ትጉህ የፊዚክስ መምህር ሁለት ክፍለ ጊዜ በዘይት ጠብታው ላይ ቢያጠፋ «ምዕራፉን መቼ ልትጨርስ ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው በወላጅም በተማሪም ነው። እውነቱን ለመናገር ልክ ናቸው፤ ፈተናው የሚጠይቀው ያንን ነው።

ሁለተኛው ማነቆ ዕቃው ከገባ በኋላ ያለው ነው። ማይክሮስኮፕ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲመጣ ፎቶ ይነሣል፣ ሞዴል 19 የተባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ንብረት ክፍል ይገባል። ከዚያ የሚያወጣው መምህር በስሙ ሞዴል 22 የተባለውን የንብረት ወጪ ደረሰኝ ይፈርማል፤ ሌንሱ ቢሰበር ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። ስድሳና ከዚያ በላይ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ይህን አደጋ የሚወስድ መምህር ብርቅ ነው፤ ባይወስድ አልፈርድበትም። ቢከርና ኬሚካል በአንጻሩ አላቂ ዕቃ ናቸው፣ መሰበርና ማለቅ ይጠበቃል፤ ግን በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ መስመር ነው። ላብ ቴክኒሺያን የሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ፈሳሹን ከዋዜማው የሚያቀጥን፣ ቱቦውን አጥቦ የሚመልስ ሰው የለውም። መምህሩ በሳምንት ሃያና ከዚያ በላይ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ ይህንንም ይሥራ ማለት ሙከራው ይቅር ማለት ነው።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ «ቀላል ነው» ብሎ መምህርን ማሳሳት ጉዳት ያመጣልና። በትምህርት ቤት ናኖ ሲሠራ ቅንጣቶቹ ሁልጊዜ ፈሳሽ ውስጥ ይሁኑ። ደረቅ የናኖ ዱቄት ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም፤ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከአገር በቀል ዕፅዋት ጭማቂ የብር ናኖ ቅንጣት መሥራት የተለመደ የድኅረ ምረቃ ምርምር ሆኗል፤ በአንድ ሊትር ውሃ 0.17 ግራም ሲልቨር ናይትሬት ስለሚበቃ ወደ ትምህርት ቤት ማውረድ ይቻላል፤ ግን ጓንት ይፈልጋል፣ ቆዳ ያጠቁራል፣ የተረፈው ፈሳሽም ጀርም ገዳይ ስለሆነ ወደ ወንዝ አይደፋም። ወርቁ የተሠራበትን የብርጭቆ ዕቃ በውሃ ባልቀጠነ ጠንካራ አሲድ ማጠብ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ለተማሪ አዲስና ንጹሕ ቱቦ ይሰጠው። አልኮል ባለበት ጠረጴዛ እሳት አይለኮስ። ሌዘር ወደ ዓይን አይዙር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ምግብ ለማንጣት የሚጨመረውንና ከፊሉ የናኖ ቅንጣት የሆነውን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን ከምግብ ውስጥ ማገዱን አንሥቶ መወያየትም የትምህርቱ አካል ሊሆን ይገባል፤ ልጆች ናኖን ሲያደንቁ ብቻ ሳይሆን ሲጠይቁም ይደጉ።

ታዲያ ትልልቆቹ ተቋማት ምን ይሥሩ? አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው፤ በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከላትም በርካታ ናቸው። እነዚህ ተማሪዎችን ጠርተው መሣሪያ ከማስጎብኘት ያለፈ ነገር ይችላሉ። የወርቅ ክሎራይዱን አንድ ኬሚስትሪ ክፍል ገዝቶ፣ አቅጥኖ፣ በጥቁር ጠርሙስ ሞልቶ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ቢያድል ትልቁ የዋጋና የደኅንነት ችግር በአንድ ቦታ ይፈታል። ከዚህ በተጨማሪ በአሜሪካ ኮሌጆች የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፓቸውን በኢንተርኔት ለትምህርት ቤቶች የሚከፍቱበት መረብ አላቸው፤ ተማሪዎች ናሙናቸውን አስቀድመው ይልካሉ፣ ከክፍላቸው ሆነው ምስሉን እያዩ መሣሪያውን ይዘውራሉ። የሶዶ ተማሪ የጎደሬ ቅጠሉን ቆርጦ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ወዳለ ማይክሮስኮፕ ቢልክና የሰሙን ክሪስታል በፕሮጀክተር ቢያይ፣ ጠብታው ለምን እንደተንከባለለ ከእንግዲህ ማንም አያስረዳውም፤ እሱ ራሱ ያስረዳል። መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን ግን ትምህርቱ እንዳይቆም የጠረጴዛው ሙከራ ይቅደም፣ ማይክሮስኮፑ ይከተል።

በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ሆነው ያደጉበትን ትምህርት ቤት ለመርዳት የሚያዋጡ ወገኖች ብዙ ናቸው። የሚልኩት ባብዛኛው ኮምፒውተር ወይም ማይክሮስኮፕ ነው። በዚያ ገንዘብ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ኦሌይክ አሲድ፣ ሲትሬት፣ ሲሪንጅና የሙከራ ቱቦ፣ ከዚያም አልፎ ለአንድ ላብ ቴክኒሺያን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይወጣል። ለፎቶ አይመችም፤ ለልጆቹ ግን ይህ ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። በመስኩ ያሉት ደግሞ የሙከራ መመሪያውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ ቢጽፉልን ማንም የማይሰጠንን ነገር ሰጡን።

አገር አቀፍ ፈተናውን ለመለወጥ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ተከታታይ ምዘናው ግን በትምህርት ቤቱ እጅ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስና ኬሚስትሪ መምህራን ተነጋግረው ከመቶው አሥሩን ነጥብ በእጅ ለተሠራና በደብተር ለተመዘገበ ልኬት ቢመድቡ የሚከለክላቸው ያለ አይመስለኝም። የተማሪው ደብተር ላይ የጠብታው ቁጥር፣ የክቡ ወርድ፣ ስሌቱና «ውጤቴ ከጎረቤቴ ለምን ተለየ» የሚል አንድ አንቀጽ ይኖራል፤ የሚታረመው እሱ ነው። በክረምቱ የመምህራን ሥልጠና ከሚሰጡት ንግግሮች ሁለቱ ቀርተው በምትካቸው መምህራኑ ራሳቸው ትሪ ላይ ፓውደር ነስንሰው፣ ክቡን ለክተው፣ የወርቁን ፈሳሽ አፍልተው ቢመለሱ መስከረም ላይ ክፍል ሲገቡ ጠርሙሱን ለመክፈት አይፈሩም።